አንዴ ብቻ የሚመታ ማኅተም

«ሻይ ይጠጣሉ?» አለቻት ሱዳቤ ትሪውን ዝቅ አድርጋ።

«ኧረ አትቸገሪ» አለች ታጂ።

ትሪው ወዲያው ተነሥቶ ወደ ቀጣዩ ሰው አለፈ።

ታጂ ክው አለች። ጉሮሮዋ ደርቋል፤ ከወንዙ ማዶ ድረስ በእግሯ ነው የመጣችው፣ ለዚያውም ድልድዩን ትታ ውሃ በሸሸው አሸዋ አቋርጣ። ሻዩን ፈልጋዋለች። «አትቸገሪ» ያለችውም እንደ ሰው ነው፤ ሁለተኛ ትጠይቀኛለች፣ በሦስተኛው እቀበላለሁ ብላ ነው። ኢስፋሃን ውስጥ በአንድ ጥያቄ ሻይ የሚቀበል ማን አለ? ልጅቷ ግን ሆን ብላ፣ ዓይኗን ዓይኗ ላይ ተክላ፣ አንዴ ጠይቃ አለፈቻት። «ይጠጣሉ» ማለቷስ! ብዕር አያያዝ ያስተማረቻት፣ ጭኗ ላይ ተኝታ ያደገች የእህቷ ልጅ ዛሬ እንደ ባንክ ቤት ሠራተኛ «እርስዎ» ትላታለች።

የታጂ ታላቅ እህት ሞኒሬ ከሞተች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ከሳሎኑ ዕቃው ሁሉ ወጥቶ ወንበር ብቻ ግድግዳውን ተከትሎ ተደርድሯል። ከወንዶቹ ክፍል የቁርኣን ንባብ ይሰማል። ሐልዋው በሳህን ይዞራል፤ ፍሬው ወጥቶ በዋልነት የተሞላ ተምር ይዞራል፤ ከሁሉ ፈጥኖ የሚዞረው ግን ሹክሹክታው ነበር።

«መጣች እንዴ?»

«ደፋር ናት እናንተ! አሥራ አንድ ዓመት ደጇን ሳትረግጥ!»

«ዛሬ ጥቁር ለብሳ ከሰው እኩል ልትቀመጥ!»

ይህችኛዋ ወይዘሮ ኢስመት ናት፤ የሟች የግድግዳ ጎረቤት። ወይዘሮ ኢስመት ሹክ ስትል መንገድ ላይ ያለ ሰው ይሰማታል። ታጂ ወደ እሷ ዞር ስትል ፊቷን ወዲያው አሳዘነችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ታጂዬ፣ አላህ ያጽናሽ። እንዲያው በሕይወት ሳለች ብቅ ብለሽ ብታያት ምን ነበረበት?»

«አንቺ በየቀኑ እያየሻት ምን ጠቀምሻት?»

አንዲት ሴትዮ ተምሩን አፏ ውስጥ እንደያዘች ማላመጧን አቆመች። ወይዘሮ ኢስመት «ምላሷ እንኳ አላረጀም» አለች፣ አሁንም በሹክሹክታ።

ታጂ አላለቀሰችም። ማልቀስ አቅቷት ሳይሆን ንዴቱ ለቅሶውን አላስገባ ብሎት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ወደዚህ ቤት ያመጣት ሐዘን ብቻ አልነበረም። የመጣችው ስሟን ፍለጋ ነው።

ጥግ ላይ ጥቁር ጥብጣብ የታሰረበት የሞኒሬ ፎቶ ቆሟል። ታጂ ያንን ትታ ዓይኗን ከበላዩ በተሰቀለው ትልቅ የኤግዚቢሽን ማስታወቂያ ላይ አሳረፈች። «ቃልና ቅጠል» ይላል። ከሥሩ የአሥራ ሁለት የወርቅ ጌጦች ፎቶ ተደርድሯል። እያንዳንዳቸው አንድ የፋርስ ቃል ናቸው፤ ቃሉ ራሱ ተጣጥፎ፣ ተዘርግቶ፣ ቅጠል ወይም ወፍ ወይም ውሃ ሆኗል። «ዝናብ» የአንገት ሐብል ነው፤ ነጥቦቹ በሰማያዊ የኒሻቡር ድንጋይ ተሠርተው ከፊደሉ ላይ ይንጠባጠባሉ። «ጥድ» ቀጥ ብሎ የቆመ ጉትቻ ነው። «ወንዝ» አምባር፣ «ሮማን» ቀለበት፣ «ነፋስ» የሻሽ መርፌ። እነዚህን ጌጦች ከቴህራን ድረስ እየመጡ ያዩዋቸው ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል። ከማስታወቂያው ግርጌ ደግሞ በጉልህ የአንድ ሰው ስም ተጽፏል፦ ሞኒሬ።

የእጅ ጽሕፈቱ ግን የታጂ ነው። ከአሥራ ሁለቱ ቃላት ሌላ ሰው የጻፈው አንድም የለም።

ለቀስተኛው ሊበተን ሲል አንድ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ሰው ሱዳቤን በሩ ላይ አቁሞ አነጋገራት። የቤተ መዘክር ሰው ነው። «ከአርባው በኋላ በነገታው እንረከባለን። ጌጦቹ አጠገብ የሚቀመጠው ካርድ አንዴ በነሐስ ከተቀረጸ አይለወጥምና ስሙን አስተካክለሽ ላኪልኝ» ሲላት ታጂ ሰማች። በነሐስ የተቀረጸ ነገር ምን ማለት እንደሆነ እሷን ማን ያስተምራታል!

*

አባታቸው ባዛር ውስጥ ወርቅ ሠሪ ነበሩ። ወንድ ልጅ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ሞኒሬን በአሥራ ሁለት ዓመቷ የቆዳ ሽርጥ አስታጥቀው ሥራ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧት። ታጂን፣ እጇ ለመዶሻ ይቀላል ብለው፣ ጽሕፈት መምህር ዘንድ ላኳት።

ሞኒሬ ገና በልጅነቷ እንግዳ ፍጥረት ነበረች። የተባለችውን ሁሉ እንደተባለ ታምናለች። አንድ ቀን እንግዳ «ኧረ ጠገብኩ» ሲል ሳህኑን አንሥታ ይዛው ሄደች። እናታቸው ኩሽና ውስጥ ክንዷን ቆንጥጠው «አንቺ ጉድ! ሰው ‹በሞቴ› ሳይባል ይበላል እንዴ? ሁለቴ ሦስቴ ይለመናል እንጂ!» አሏት። ሞኒሬ ክንዷን እያሻሸች «ጠገብኩ አለ እኮ» አለች።

አባቷ ያስተማሯት ሙያ ደግሞ ይህንኑ ጠባይዋን አጠነከረው። ጌጡ ሲያልቅ ጀርባው ላይ የሠሪው ማኅተም ይመታል። ማኅተሙ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ስም የተቀረጸበት የብረት ዘንግ ነው፤ ወርቁ ላይ ተደግኖ በመዶሻ ይመታል፣ አንዴ። ሁለተኛ ከተመታ ስሙ ጥላ ያወጣል፣ ጌጡ ይበላሻል። አባታቸው በየቀኑ «እጅሽ አያመንታ፤ አንዴ፣ በቃ» ይሏት ነበር። ሞኒሬ ማኅተም ብቻ ሳይሆን ሰውንም የምታናግረው እንደዚያው ሆነ።

ሞኒሬ ሃምሳን ካለፈች በኋላ አንድ ቀን ታጂ ቤት መጣችና ሳትቀመጥ «ቃል ጻፊልኝ» አለቻት። «የምን ቃል?» «የሚበቅል ቃል።» እንዲህ ነበር የተጀመረው።

ታጂ ያኔ ባሏ ሞቶ፣ ሠላሳ ዓመት የሴቶች ትምህርት ቤት ጽሕፈት አስተምራ፣ ጡረታ ወጥታ ብቻዋን ትኖር ነበር። አብረው የሠሩባቸው ሁለት ዓመታት ከዕድሜዋ ሁሉ የበለጡባት ናቸው። ጠዋት ጠዋት የእህቷ መሥሪያ ወዳለበት ምድር ቤት ትወርዳለች። የመቃ ብዕሯን ትቀርጻለች፣ ቀለሟን ታማስላለች፣ «ዝናብ» የሚለውን አንድ ቃል ሃምሳና ስልሳ ጊዜ ትጽፋለች። ሞኒሬ መጥታ በትከሻዋ በኩል ታያለች። «ይኼ ዝናብ አይደለም፣ የቧንቧ ውሃ ነው» ትላለች። ታጂ ትሳደባለች፣ እንደገና ትጽፋለች። በመጨረሻ ሞኒሬ ጣቷን አንዱ ላይ ታሳርፋለች። «ይሄ።» አንድ ቃል ብቻ። ታጂ ግን ከማንም ረጅም ምስጋና ያቺን «ይሄ» ትወድ ነበር።

ከዚያ ሞኒሬ ወረቀቱን ወርቁ ላይ በሙጫ ትለጥፋለች፤ እንደ ፀጉር በቀጠነ መጋዝ ቀለሙን ጠርዝ ጠርዙን ተከትላ ትቆርጣለች። ወረቀቱ እየተበጣጠሰ ከወርቁ ብናኝ ጋር ሽርጧ ላይ ይወርዳል። ሥራው ሲያልቅ ወርቁ ይቀራል፣ ጽሑፉ አይኖርም። አሥራ ሁለቱም ቃላት እንዲህ ተበልተው አለቁ። ያን ጊዜ ታጂ ይህን ነገር አላሰበችውም።

ሥራው ሲጠናቀቅ ሞኒሬ ቀና ሳትል፣ ሞረዷን ሳታቆም፣ «ስምሽን ላስገባው?» አለቻት።

ታጂ ልቧ ዘለለ። ምን ልትል ትችላለች? አዎ አስገቢው ትበል እንዴ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ! «ኧረ ተይ እትዬ! እኔ ምን ሠራሁና። ድካሙ ያንቺ ነው» አለች። ከዚያም ጠበቀች። ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀች። ሞረዱ ይፍቃል።

«እሺ» አለች ሞኒሬ።

ኤግዚቢሽኑ በተከፈተበት ቀን ታጂ አዲስ ካፖርቷን ለብሳ ሄደች። ካርዱን አነበበች። ደግማ አነበበች። ሻይ ሳይቀርብ ወጥታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ የእህቷን ደጅ አልረገጠችም።

*

በሰባተኛው ቀን ከመቃብር ተመልሰው ሱዳቤ ኩሽና ውስጥ ለሐልዋ ዱቄት ታምሳለች። ታጂ ገብታ በሩን ገፋ አደረገችው።

«ካርዱ ላይ ስሜ ይግባ» አለች። መንገዱን ሁሉ ስታለሳልሰው የመጣችው ንግግር ከአፏ ሲወጣ ይህ ብቻ ሆነ።

ሱዳቤ ማማሰሉን አላቋረጠችም። «ሰባት ቀን መታገስ ቻሉ እኮ። ደህና ነው።»

«ቃላቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንቺም ታውቂያለሽ፤ እዚያው ምድር ቤት ቁጭ ብለሽ አይተሻል።»

«አይቻለሁ። ወረቀቱ የታለ?»

«የእናትሽ መጋዝ በላው!»

«እንግዲህ መጋዙን ይጠይቁት።»

ከኩሽናው በር ውጭ ኡስታ ሀይደር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን ይጠጣሉ። ለአርባ ዓመት ከሞኒሬ ጋር የሠሩ ወርቅ ወልዋይ ናቸው። ታጂ በሩን በረገደችው።

«ኡስታ፣ እርስዎ ነበሩ! ይናገሩ እንጂ!»

ሽማግሌው ስኳሩን ከጥርሳቸው መካከል አውጥተው መዳፋቸው ላይ ያዙት። «ነበርኩ። ጽፈሻል። ሞኒሬ ስትጠይቅሽም ነበርኩ። ‹እኔ ምን ሠራሁ› ስትዪም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እንደሱ ማለቴ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል! የሰፈሩ ድመት ያውቃል!»

«እኔ አውቄያለሁ» አሉ ኡስታ ሀይደር። «እሷ ግን እንዲህ ያለውን ነገር መቼ ታውቅ ነበር? አንቺ ደግሞ እህቷ ነሽ፤ እንደማታውቅ ታውቂ ነበር።» ስኳራቸውን መልሰው አፋቸው ውስጥ ከተቱና ወደ ግቢው ዞሩ።

ሱዳቤ እሳቱን አጠፋች። ዱቄቱ ከሥር አሯል። ዞር ስትል ዓይኗ ደም ለብሷል።

«አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት። ካቻምና በኖሩዝ እናቴ ቤትዎ መጥታ ነበር፣ አይደል?»

ታጂ ይህን ማንም የሚያውቅ አልመሰላትም ነበር።

«ታላቅ ሆና ሳለች፣ ታናሽ እህቷ ዘንድ፣ በአዲስ ዓመት! እርስዎ መምጣት ሲገባዎት! ወጉን ጥሳ መጣች። ትንሽ ሳጥን ብብቷ ውስጥ ነበር። ሳጥኑን እንደያዘች ተመለሰች። አላስገቧትም!»

«ግቢ ብያታለሁ!» አለች ታጂ። «አላህ ምስክሬ ነው፣ ግቢ ብያታለሁ!»

«ስንት ጊዜ?»

«አንዴ» አለች ታጂ።

«አንዴ» አለች ሱዳቤ። «ሳጥኑ ውስጥ ምን እንደነበረ አውቃለሁ። ለእርስዎ ግን አልነግርዎትም። ይውጡልኝ አሁን፣ ሐልዋዬ አረረ።»

*

ታጂ ቤቷ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች።

ያን ቀን አራተኛው የኖሩዝ ቀን ነበር። ቀትር ላይ በሩ ተንኳኳ። ስትከፍት ሞኒሬ ቆማለች። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፤ አፍንጫዋ ላይ የሥራ መነጽሯ የተከለው ምልክት እንዳለ ነው። ብብቷ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ሳጥን ይዛለች። ታጂ ደስታ ይሁን ንዴት ያልታወቃት ነገር ደረቷን ሞላው። ዘጠኝ ዓመት! ትለምነኝ፣ ትንሽ ትለማመጠኝ፣ እኔስ ሰው አይደለሁም ወይ አለች በልቧ።

«ግቢ» አለች።

ሞኒሬም «አይ፣ አልረብሽሽም። እንግዳ ይኖርብሻል» አለች።

ሞኒሬ! ጠገብኩ ያለውን ሰው ሳህን የምታነሣው ሞኒሬ! በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በስድሳ አራት ዓመቷ፣ እንደ ሰው ሁሉ ለመለመን ብላ እምቢ አለች። ዘጠኝ ዓመት አስባበት ተምራው መሆን አለበት። እንዲህ ያለውን ነገር የማያውቅ አፍ ስለሆነም ቃሉ ተንተባትቦ ነበር የወጣው። ታጂ ይህን በዚያች ቅጽበት አውቃዋለች። ኋላ ሳይሆን እዚያው በሩ ላይ አውቃዋለች። እንግዳም አልነበረባትም፤ ገበታው ላይ የተደረደረውን ጣፋጭ በአራት ቀን የነካው ሰው የለም።

«እንዳሻሽ» አለች።

ሞኒሬ ጫማዋን ተመለከተች። ሳጥኑን ከአንዱ ብብቷ ወደ ሌላው አዛወረች። ከዚያ ደረጃውን ወረደች። ታጂ በመስኮት አየቻት፤ መንገዱ ዳር ካለው ዛፍ ሥር ወደ ላይ እያየች ብዙ ቆማ ነበር። መስኮቱን መክፈት ይቻል ነበር። «እትዬ!» ብሎ መጥራት ይቻል ነበር። ታጂ መጋረጃውን ለቀቀችው።

አሁን አልጋዋ ላይ ሆና ያንን መጋረጃ አየችውና ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኻ አለቀሰች። እህቷ የበደለቻት ሳታውቅ ነው። እሷ ግን እያወቀች በደለች። ይህን ለራሷ ስትነግረው ሻሿን አፏ ውስጥ ወትፋ እስኪደክማት አለቀሰች።

*

በአርባኛው ቀን ጠዋት ታጂ ሰማያዊ ሻሽ በወረቀት ጠቅልላ የሱዳቤን በር አንኳኳች። ሐዘንተኛን ከጥቁር የሚያወጣው የቤተሰቡ ታላቅ ነው። ሞኒሬ ከሞተች ወዲህ ታላቋ ታጂ ናት፤ ሌላ ሰው የለም።

ሱዳቤ በሩን በእጇ እንደያዘች ሻሹን አየችው። «አያስፈልግም።»

«ልበሽው» አለች ታጂ።

«አልፈልግም አልኩ። ጥቁሬን የማወልቀው ስፈልግ ነው።»

«ልበሽው ልጄ። እናትሽ አርባ ሞላት።»

«አክስቴ፣ ሂጂልኝ! ሰው አትሰሚም እንዴ?» አንቺ ማለቷን ራሷም አላስተዋለችውም።

«አልሄድም። ዱሮ አንዴ ብዬ መዝጋት እችል ነበር። አሁን ግን እስክትለብሺው ድረስ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ወይዘሮ ኢስመት መስኮቷን ከፍታለች፤ ከፈለግሽ እሷም ትየን።»

በእርግጥም ከጎን ያለው መስኮት ፈጥኖ ተዘጋ። ሱዳቤ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል አፏን ያዘች፤ ሳቁ መንገድ ላይ ለቅሶ ሆነና በሩን ተደግፋ ቀረች። ታጂ አላቀፈቻትም። ጥቁሩን ሻሽ ከራሷ ላይ አውልቃ ሰማያዊውን አሰረችላት። ልጅቷም አንገቷን ዝቅ አደረገችላት።

ከዚያ ሱዳቤ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ታጂ ተከተለቻት። የሞኒሬ ጠረጴዛ እንደነበረ ነው፤ የቆዳ ሽርጧ ከወንበሯ ላይ ተሰቅሏል። ሱዳቤ ከመሳቢያው ያንን ሳጥን አውጥታ ከፈተችው።

ውስጡ አንድ የብረት ማኅተም ነበር። ታጂ መነጽሯን አድርጋ ጫፉን ወደ ብርሃን አዞረችው። በግልባጭ የተቀረጸ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ጽሑፍ፦ ታጂ። የእጅ ጽሕፈቱ የራሷ ነው፤ ድሮ ለሱዳቤ የልደት ቀን በላከችው ካርድ ላይ የፈረመችው ስም ነው። ሞኒሬ ያንን ገልብጣ፣ ብረት ላይ ቀርጻዋለች። ጫፉ አንድም ጊዜ አልተመታም።

«አንድ ክረምት ሙሉ ቀረጸችው» አለች ሱዳቤ። «ለምን ራስሽ አትመቺውም ስላት ‹የሰው ስም የሚመታው ባለቤቱ ነው› አለችኝ። አንቺ ዘንድ ሄዳ ስትመለስ ‹ምን ሆነ?› ብዬ ጠየቅኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?»

ታጂ ራሷን ነቀነቀች።

«‹እንግዳ ነበረባት› አለችኝ። እናቴ ዋሽታ አታውቅም። ላንቺ ብላ ዋሸች።»

ሱዳቤ ካዝናውን ከፍታ አሥራ ሁለቱን ጌጦች አንድ በአንድ አወጣች። «ዝናብ»ን በጀርባው ገልብጣ ብረቱ ላይ አስተኛችው፤ ከፊደሉ ጅራት ላይ የሞኒሬ ማኅተም አለ፣ ከጎኑ ባዶ ቦታ። ያ ባዶ ቦታ ከመጀመሪያውኑ የተተወ ይሁን እንዲያው የተረፈ፣ አሁን የሚጠየቅ ሰው የለም።

«አንዴ ነው የምጠይቅሽ» አለች ሱዳቤ መዶሻውን ዘርግታ። «ትመቺዋለሽ?»

«እመታዋለሁ» አለች ታጂ። መዶሻውን ተቀበለቻት።

እጇ ለመዶሻ ይቀላል የተባለላት ሴት ማኅተሙን ደገነች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ መታች። አንዴ። ስሟ ያለ ጥላ ወጣ። ላቧን ጠርጋ «ጥድ»ን አነሣች። እንዲህ እያለች አሥራ ሁለቱንም መታቻቸው፤ «ነፋስ» ላይ ስትደርስ ዕንባዋ አላሳይ ብሏት ሱዳቤ በሻሿ ጫፍ ጠረገችላት።

«ካርዱ ላይ ሁለት ስም ይገባል» አለች ሱዳቤ ጌጦቹን ወደ ካዝናው እየመለሰች። «ይቅር ብዬሻለሁ ማለት ግን አይደለም።»

«ይቅር በይኝ አላልኩሽም» አለች ታጂ።

*

ከሰዓት በኋላ መቃብሩ ላይ ድንጋዩ ተተክሎ ነበር። በጽጌረዳ ውሃ አጠቡት። ሰው ሁሉ በተራ በተራ ቁጢጥ እያለ፣ በጣቱ ድንጋዩን መታ መታ እያደረገ፣ የፋቲሐውን ጸሎት አድርሶ ተነሣ። ወይዘሮ ኢስመት ከሁሉ አስረዝማ አደረሰች፤ ስትነሣም ታጂን ገላምጣት አለፈች። ኡስታ ሀይደር ተምሩን አደሉ። ከዚያ ሰዎቹ ወደ መኪኖቹ መሄድ ጀመሩ።

ሱዳቤ መንገዱ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። አትጠራትም፣ ግን ትጠብቃለች።

ታጂ በጉልበቷ ድንጋዩ አጠገብ ተንበረከከች። ሌሎቹ በጣት ጫፍ እንደነኩት አልነካችውም። እጇን ጨብጣ በጣቶቿ አንጓ፣ በር እንደሚንኳኳው፣ አንኳኳች።

«ግቢ» አለች።

ነፋሱ የጽጌረዳውን ውሃ ከድንጋዩ ላይ እያደረቀው ነው። ጥቂት ቆይታ እንደገና አንኳኳች።

«ግቢ እንጂ እትዬ። እንግዳ የለብኝም፣ ማንም የለብኝም።»

ሦስተኛ አንኳኳች።

«በሞቴ ግቢ።»

ከዚያም፣ በር ላይ ለሚገባ ሰው እንደሚደረገው፣ በጉልበቷ ጥቂት ወደ ጎን ፈቀቅ አለች።